የዘለልኩት ሁለተኛ ደረጃ

ለገና ላሊበላ ለመግባት ቸኩዬ ነበር። ሻንጣዬን ኮምፒዩተሩ ክፍል ድረስ ይዤው መጥቼ ከካርድ ማንበቢያው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የትልቁ ኮምፒዩተር ኦፕሬተር ነበርኩ። በየወሩ ከምናሠራቸው ሥራዎች አንዱ የወታደሮች ተቆራጭ ነው፤ ወታደሩ ግንባር ሆኖ ከደመወዙ ላይ ለእናቱ ወይም ለሚስቱ የሚያስቆርጠው ብር። ሥራው አራት ደረጃ አለው። አንደኛው ያለፈውን ወር መዝገብ ከቴፕ ያነባል። ሁለተኛው የወሩን ለውጥ በማሽን ቀዳዳ ከተወጋ ካርድ ያስገባል፤ ሦስተኛው ሒሳቡን ይሠራል፤ አራተኛው ለየአውራጃው የክፍያ ወረቀት ያትማል። ለውጥ የምንለው የተሾመውን፣ የተዛወረውን፣ የሞተውን ነው። ለእኛ ግን ሁሉም ካርድ ነበር።

ያን ሌሊት ማንበቢያው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ካርዶቹን አኝኮ ቆመ። የተቀደዱትን እንደገና ማስወጋት ቀኑን ይፈጃል፣ የወልድያ አውቶብስ ደግሞ ማልዶ ይነሳል። ሁለተኛውን ተወው፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ብቻ አሂድ የሚል ትእዛዝ ለኮምፒዩተሩ ሰጠሁት። ከእኔ በፊትም ብዙዎች አድርገውታል። ለውጡ ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል፣ ማንም አይሞትበትም እንባባል ነበር። አታሚው እየተንጫጫ ጨረሰ፤ ሻንጣዬን አንስቼ እያፏጨሁ ወጣሁ።

ጋሸና ላይ የላሊበላ መኪና ስጠብቅ ያገሬን ሰው አገኘሁ። ፊቴን አይቶ እንዳልሰማሁ ገባው። የአክስቴ ልጅ ግንባር ላይ ሞቶ መርዶው ኅዳር ላይ መነገሩን አረዳኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እማ እያልኩ ነው ያደግሁት። ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነበር።

ቤት ስደርስ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ማቅ ለብሳ አገኘኋት። አብረን አለቀስን። የተዝካሩ ቀን ቀርቦ ጠላው ተጠምቋል።

ከገና በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ዘበኛ መጣና፣ ተቆራጭሽ ደርሷል፣ ነይና ውሰጂ አላት። ሄዳ ስትመለስ ከሩቅ ነው ድምፅዋ የተሰማው።

«መንግሥት ለሙት ብር ይልካል? መርዶው የሌላ ሰው ነው! ልጄ አለ!»

ማቁን አውልቃ ጣለችው። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ገሚሱ እልል አለ። የንስሐ አባቷ ብቻ እኔን እኔን ያዩ ነበር። እኔ ያኔውኑ ገብቶኛል፤ የሞቱ ካርድ ከዘለልኩት ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ ነበር።

«በኮምፒተር ነው አሉ የሚጣፈው» አለች ወደ እኔ ዞራ። «እሱ ደግሞ አይሳሳትም አሉ። አዛዡ አንተ አይደለህ? እጅህ ይባረክ፣ የኔ ሆድ!» እጄን ይዛ ሳመችው። ለተዝካር የተጠመቀውን ጠላ ለደስታ ቀዳችው፤ እኔም ጠጣሁ።

ጥምቀት እስኪያልፍ አፌን ዘጋሁ። ልሄድ ስል ጓሮ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል አገኘኋትና የዘለልኩትን ነገርኳት። እንዝርቱን አላቆመችም።

«ታዲያ ልጄ ሙቷል ነው የምትለኝ?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። «ካርዱን አይቼ እነግርሻለሁ እማ» አልኩ። ፈሪ ነኝ።

«እንግዲያ አይተህ አንተው መጥተህ ንገረኝ። ሰው እንዳትልክብኝ።»

አዲስ አበባ ስመለስ ካርዱ እንደገና ከተወጉት መካከል ነበረ፣ ስሙም የእሱ ነው። አንስቼ ኪሴ ብከተው ብሩ ይቀጥላል፣ እሷም ትጠብቃለች። ይዤው ቆየሁ። ከዚያ መልሼ ከካርዶቹ ጋር አስገባሁትና አራቱንም ደረጃ በተራ አሄድኳቸው። ተቆራጩ ቆመ።

ግን አልሄድኩም። በመጀመሪያው ወር ፈቃድ ተከለከልኩ፤ በሁለተኛው አልጠየቅሁም። ዛሬ ነገ ስል ጦርነቱ ላስታ ደርሶ መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲዘጋ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል አለኝ።

ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት የምደበቅበት አጥቼ ሄድኩ፤ ሲመሽ ደረስኩ። አክስቴ ደጇ ላይ ነጭ ነጠላ ለብሳ ቆማ ነበር፤ አርጅታለች። ስማኝ፣ አስገብታኝ፣ ምግብ አቀረበችልኝ። ገና አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

«ብሩ መቆሙንማ አይቻለሁ። መርዶ ግን ሰው ነው የሚያመጣው። አንተን ስጠብቅ ነበር።»

«ተዝካሩስ?»

«ሳይነገረኝ ምን ብዬ ላውጣ?» ወጡን ወደ እኔ ጠጋ አደረገችው። «አሁን እንዳትናገር። መርዶ በመሸ አይነገርም፣ ለብቻም አይነገርም። ነገ ማለዳ አባን ይዘህ፣ ጎረቤቱን ይዘህ በወጉ ና። ዛሬ እንግዳዬ ነህ፣ ብላ።»

ሳይነጋ ተነስቼ መጀመሪያ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድኩ። ቀጥዬ የጎረቤቱን በር አንድ በአንድ አንኳኳሁ፤ ማንንም አልዘለልኩም። ጎሕ ሲቀድ ሁላችንም ደጇ ደረስን።

እስክንጠራት አልጠበቀችም። ያን ጊዜ አውልቃ የጣለችውን ማቅ ለብሳ፣ ወገቧን በመቀነት አስራ ግቢው መሐል ቆማለች። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«በል ንገረኝ» አለችኝ።