ያቦካችው ሴት

አረብ አገር፣ ቨርደን ሰፈር፣ በሠራተኝነት በተቀጠርኩበት ማዳሜ ቤት፣ ያቦካሁትን ዳቦ ከምድጃ ሳወጣ ልጇ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እያነበበች ጮኸች፦ «ሌዲ፣ ያኒ እመቤት፣ ድሮ ዳቦ የምታቦካ ሴት ማለት ነበር!»

«አየሽ፣ እመቤቷ አንቺ ነሽ!» ብላ ማዳሜ ሳቀች። «ግን እኛ ሳንበላ እንዳትነኪው፣ ኸላስ፣ አለቀ!»

የዳቦው ሽታ አክስቴን አመጣብኝ። ልጅ ሆኜ፣ ለበዓል የጋገረችውን ድፎ አጎቴ ሊቆርስ ቢላዋ ሲያነሳ፣ ዱቄት በነካው እጇ ነጠቀችው። «ስታቦካ አላየሁህም!» አለችው። መጀመሪያ ራሷ ቆርሳ ጎረሰች።

እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ መጥቼ፣ ያቦካሁትን ለመቅመስ ፈቃድ ልጠብቅ? «እመቤት» የሚለውን ስም ለራሳቸው ወሰዱ፣ ሊጡን ለእኔ ተዉልኝ!

ትኩሱ ዳቦ ፊቴ ነው። ቢላዋውም አጠገቡ ነው። ማዳሜ ከሳሎን «ያላ፣ ቶሎ በይ!» ትላለች።