የውሃው ዕድሜ

እመት ኡሙልኸይር ለእንግዳ መጥፎ ነገር አቅርበው አያውቁም፤ ጉድ የሠራቸውም ይኸው ደግነታቸው ነው። ከቆቦ ወጣ ብላ ባለችው መንደራቸው ያለው አንድ ጉድጓድ ነው፤ ውሃው ደግሞ ጨው ጨው ይላል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እሱም ነጠፈና መንደሩ ተበተነ። እመት ኡሙልኸይር ሁለት ልጆች ይዘው ወደ መጠለያ ወጡ። የጉድጓዱ ውሃ መመለሱ ሲሰማ ሙሀመድሰይድን ይዘው ተመለሱ፤ ዘኪያን እዚያው ቀብረዋት መጡ።

በዓመቱ ጋሹ የሚባል የውሃ ባለሙያ መጣ። ጥልቅ ጉድጓድ የሚቆፍር መኪና የት እንደሚቆም የሚወስነው እሱ ነው። ጠርሙስ ሰጣቸውና “እናቴ፣ ከጉድጓዱ ይሙሉልኝ” ብሎ ሜዳውን ሊለካ ሄደ። እሳቸው ግን ያንን ጨዋማ ውሃ ለእንግዳ መስጠት አሳፈራቸው። ጓዳ ገብተው፣ ከጎሊና ወንዝ በአህያ ያስመጡትን ጣፋጭ ውሃ ሞሉለት። መርቀውም ሸኙት።

ጋሹ ከወራት በኋላ ሲመለስ ፊቱ ደስ አይልም። መንደሩን ሰብስቦ፣ የጠርሙሱ ውሃ ተመርምሮ የተገኘውን አስረዳ። ባሕር ማዶ ያሉ ኃያላን የኑክሌር ቦምብ ሲሞክሩ ርዝራዡ ደመና ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲህ የዘነበ ዝናብ ሁሉ ምልክቱን ይዞ ይወርዳል። ምልክቱ የሌለበት ውሃ ከቦምቡ በፊት ወርዶ ከመሬት በታች የተኛ ነው፤ አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ ብሎ አይደርቅም።

“የእናንተ ግን የቅርብ ዝናብ ነው። መኪናው ወደ ዋጃ ይሄዳል” አለ።

እመት ኡሙልኸይር የሞሉት ጠርሙስ ትዝ አላቸው። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። ቢናገሩ ደግሞ በዚያ ዘመን “አሻጥር” የምትባል ቃል ነበረች፤ ስንቱን እስር ቤት አስገብታለች። ተነሡ።

“ልጄ፣ የሰጠሁህ የጎሊናን ነው። የእኛን ላንተ ማቅረብ አፍሬ ነው።”

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ታረቀኝ ከመቀመጫው ዘሎ “ይኼ አሻጥር ነው!” አለ።

ጋሹ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ፈገግ አለ። “ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በገዛ እጄ መቅዳት ነበረብኝ። እኚህ እናት ባይናገሩ መኪናው አምልጧችሁ ነበር።” ታረቀኝም ጉሮሮውን ጠራርጎ ተቀመጠ።

ጋሹ በዚያው ቀን ከጉድጓዱ ራሱ ቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ ምልክት የሚባል አልተገኘበትም። መኪናው መጣ፣ ቆፈረ፣ ውሃው ወጣ፤ መንደሩ በእልልታ ቀለጠ።

እመት ኡሙልኸይር ግን ከቧንቧው ፊት ፈዘው ቆሙ። “ይኼ ውሃ በሰባ ሰባትም እዚህ ነበር?” ሲሉ ጋሹን ጠየቁት።

ጋሹ አንገቱን ደፋ። “ነበር እናቴ። የድሮው ጉድጓድ ጫፉን ብቻ ነው የሚነካው፤ ያኔ ከሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነበር።”

በሰው ፊት አለቀሱ፤ ተዉ ያላቸው የለም። ከዚያ በውሃው ፊታቸውን ታጠቡና የጋሹን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

“አልሀምዱሊላህ። አላህ ያቆይህ ልጄ” አሉት። “ለዘኪያ አልደረሰም። ለሌሎቹ ደርሷል።”