ከቤተሰቡ ተደብቄ የበላሁት ምሳ

ለወንጌል ሥርጭት ከጫግኒ በታች ባለ የቆላ መንደር አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆይቼ ወደ እንጅባራ ስመለስ፣ የምኖረው በኅብረታችን ቤት እንደሆነ ተነገረኝ። ቤቱ ከከተማው ዳር በቀርከሃ አጥር የተከበበ ነው። ያኔ ስምንት ሰዎች ይኖሩበት ነበር፤ እኔ ዘጠነኛ ሆንኩ። አብዛኞቻችን ከአገልግሎት የተመለስን ወይም ለመሄድ የምንዘጋጅ ነን። ማዕዱ አንድ፣ ጸሎቱ አንድ፣ ሥራው በተራ።

ስገባ ደስ ብሎኝ ነበር። ቆላ ሳለሁ ብቸኝነቱ ያስለቅሰኝ ስለነበር “ምነው አብሮኝ የሚጸልይ አንድ ሰው እንኳ በኖረ” እያልኩ ስንቴ ለምኛለሁ። እግዚአብሔር ስምንት ሰጠኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ስምንቱም በዙብኝ።

ነገሩ ጥቃቅን ነው። ቆላ ሲርበኝ እበላለሁ፣ ሲደክመኝ ጋደም እላለሁ። እዚህ ግን ገና ሳይነጋ በዚያ ብርድ ለጸሎት መነሳት፣ ከዚያ ውሃ መቅዳት፣ ከዚያ ድንች መላጥ አለ። “እህቴ፣ ጭልፋው እዚያ አይደለም የሚሰቀለው” ስባል ፈገግ እላለሁ፤ ውስጤ ግን ይበግናል። በዚያ መንደር “መምህርት” እየተባልኩ ስከበር ኖሬ፣ እዚህ በጭልፋ መታረሜ አንገበገበኝ።

ክፍል የምጋራው እማማ ከምንላቸው ሴት ጋር ነበር። ከዘንገና አካባቢ ገጠር የመጡ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱን እንደ እናት የያዙ ሰው ናቸው። የሚጸልዩት በአዊኛ ነው። ሲቆጡ ግን በየትኛውም ቋንቋ አይናገሩም፤ ዝም ይላሉ። ያንን ዝምታቸውን ሁላችንም እንፈራዋለን።

አንድ ማክሰኞ “ገበያ ደርሼ ልምጣ” ብዬ ወጣሁ። ውሸቴን ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ ካለች ጠባብ ምግብ ቤት ገብቼ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሽሮ አዘዝኩ። “እስኪ የዛሬውን ቃል አንቺ አካፍይን” የሚለኝ አልነበረም። ያ ሽሮ እንዴት ጣፈጠኝ! በሚቀጥለው ማክሰኞም ሄድኩ።

በሦስተኛው ማክሰኞ ምሳዬን እንዳጋመስኩ ዝናብ ወረደ፤ አንዲት ሴት ነጠላቸውን እያራገፉ ገቡ። ቀና ስል እማማ ናቸው። ጉርሻው በእጄ ላይ ቀረ።

“እማማ፣ ገበያ ልሄድ ስል ዝናቡ... ልጠለል ብዬ...”

“ዝናቡ ገና አሁን መጀመሩ ነው። አንቺ ግን ሽሮውን አጋምሰሽዋል” አሉና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

ተግሣጻቸውን ስጠብቅ አስተናጋጇ መጣች። “እማማ፣ እንደተለመደው ነው?” አለቻቸው።

“እንደተለመደው?” አልኩ እኔ።

መጀመሪያ ጠረጴዛውን ትኩር ብለው አዩት፤ ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። “ምን ላድርግ ልጄ! እኔ እንኳ ሐሙስ ሐሙስ ነበር የምመጣው። ዛሬ ጫጫታችሁ ሲበዛብኝ ቀኑን አሻሻልኩት።”

“እርስዎም?”

“ሰባት ልጅ ሳሳድግ፣ ቤቱ ሲጠብብኝ ከብቶቹን ልይ ብዬ ወደ ሜዳ እወጣ ነበር። ሰው ይወደዳል፤ ሰው ደግሞ ይጠገባል። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።”

ያን ጊዜ በልቤ የያዝኩትን ሁሉ አወጣሁ። ለማያውቁኝ ሰዎች ፍቅርን ስሰብክ ቆይቼ፣ ከራሴ ወንድሞችና እህቶች ጋር ማዕድ መቅረብ እንደከበደኝ፣ ልቤ የቀዘቀዘ እንደመሰለኝ ነገርኳቸው።

“እንግዳን መውደድማ ቀላል ነው፤ ጭልፋሽን አይነካብሽም” አሉኝ። ቀጥለው ግን ኮስተር አሉ። “መዋሸታችን ልክ አይደለም። የአንቺም የእኔም።”

የዚያን ቀን ከራት በፊት ሁሉም በተሰበሰበበት እማማ ቆሙ። “እኔና ይቺ ልጅ ከእናንተ ተደብቀን ምሳ ስንበላ ከርመናል” አሉ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ በባጃጅ የሚያመላልሰን ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ። “እኔም ወደ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ... አይ፣ እውነቱን ልናገር፤ አንዳንዴ ባጃጇን ዛፍ ሥር አቁሜ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ጎማ ተነፈሰ የምላችሁ ያኔ ነው” አለ። ሳቁ ፈነዳ። አንዱ ሲናገር ሌላው ተከተለ፤ ሳይደበቅ የኖረ ሰው ጠፋ።

ይቅር ተባብለን ጸለይን። በማግስቱ እህል የምናስቀምጥባትን ጠባብ ክፍል አጸዳን፣ አግዳሚና ምንጣፍ አስገባንላት። ለእያንዳንዳችን ብቻችንን የምንሆንበት በሳምንት ግማሽ ቀን ተሰጠን፤ በሩ ከተዘጋ ማንም አያንኳኳም፣ ለምን ብሎም አይጠይቅም።

የእኔ ተራ ዓርብ ደረሰ። ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሴን ከፈትኩ፣ ጥቂት ጸለይኩ፣ ብዙውን ሰዓት ግን ዝናቡን እየሰማሁ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከተመለስኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ሲረጋጋ ተሰማኝ። ሰዓቴ ሳያልቅ ከማዕድ ቤት ክርክር ሰማሁ፤ ወጡ ላይ ጨው ተጨምሯል አልተጨመረም ነው ነገሩ። ማን እንደሚረታ ለማወቅ ጓጓሁና ወጣሁ። ጎመን የሚከትፉት ጠጋ ጠጋ ብለው ከመሀላቸው ቦታ ሰጡኝ፤ እኔም ቢላዋ ተቀብዬ ተቀመጥኩ።