የዶካ መንገድና አንድ ብርጭቆ ሻይ

መጀመሪያ የመጣው የውሃ ጥም ነበር። በሱዳኗ ገዳሪፍ ውስጥ ውሃ ጠማኝ ብሎ የሚያማርር ሰው ይሳቅበታል እንጂ አይታዘንለትም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከመተማ ቆላ ተነሥቼ ድንበር ከተሻገርኩ ብዙም አልቆየሁም። ገበያው ዳር በአያ እድሪስ ሱቅ የቢስክሌት ጎማ እየለጠፍኩ እውላለሁ፤ በመሐል በመሐሉ እየተነሣሁ ከዚሩ፣ ከሸክላው የውሃ ጋን፣ እቀዳለሁ። አያ እድሪስ የጎንደር እስላም ነው፤ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ቀድሞ የገባ፣ ዐረብኛውን እንደ አማርኛው የሚናገር። "አንተን ከምቀልብ ግመል ብቀልብ ይሻለኝ ነበር፤ እሱስ አንዴ ከጠጣ ይሰነብታል" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ከዚያ ከሳሁ። እሱንም ማንም ልብ አላለው። በዚያ ዓመት ያልከሳ ማን ነበር? ሌሊት ሌሊት ለሽንት መነሣቴን በምጠጣው ውሃ አሳበብኩ፤ የዓይኔን መፍዘዝ በፀሐዩ። የስኳር በሽታ የጠገበ ሰው ነው ብለን ስለምናምን እንደ እኔ ያለ ስደተኛ ይይዘዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ነገሩን ያጋለጠው ጉንዳን ነው። ከሱቁ ጀርባ ሽንቴን የምሸናበት ቦታ ጉንዳን ተርመስምሶበት አያ እድሪስ አየ። ያን ቀን ቀልዱን ተወ።

"ተነሥ ወንድሜ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" አለኝ።

ነገ አልኩት። በማግስቱ መቆም አቃተኝ። አስታወከኝ። ሆዴን ቆረጠኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። በአህያ ጋሪ ጫኑኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ክንዴ ላይ ሳላይን ተሰክቷል። ሐኪሙ ሱዳናዊ ነበር፤ ንግግሩን አያ እድሪስ ተረጎመልኝ። ያጋጠመኝ ዲያቤቲክ ኬቶአሲዶሲስ እንደሚባልና ሰውነቴ ኢንሱሊን ማመንጨት እንዳቆመ ነገረኝ። "ቢርብህም መርፌውን አታቆምም፤ መጠኑን ግን እኔን ጠይቅ" አለኝ። ቀጥሎ ወደ አያ እድሪስ ዞረ። "መርፌ ተወግቶ በደንብ ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል። ይኼ ሃይፖግላይሴሚያ ነው፤ ፈጥኖ ይገድላል። ስኳሩ ጨምሮ ሰውነቱ ከደረቀ ውሃ እየሰጠህ ወደ እኔ አምጣው። ካላበውና ከተንቀጠቀጠ ስኳር ስጠው። መዋጥ ካቃተው ግን አፉ ውስጥ ምንም አታፍስ፤ ስኳሩን ድዱ ላይ አሽተህ ይዘኸው ሩጥ።" አያ እድሪስ ራሱን ነቀነቀ።

የመስታወቱን ሲሪንጅ ማፍላት፣ ራሴን ጭኔ ላይ መውጋት፣ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ በትንሽ ማሰሮ አድርጌ ከዚሩ ሥር፣ ጠብታው በሚያርሰው አሸዋ ውስጥ መቅበር፣ ይህን ሁሉ ቀስ በቀስ ተማርኩ። ሥጋ መለስኩ፤ ዓይኔ ጠራ፤ የጠገንኩትን ቢስክሌት ራሴው እየነዳሁ እስከ ከተማው ጫፍ ደርሼ መመለስ ጀመርኩ። ሐኪም ቤት ግን በድንበሩ መንገድ ላይ ካለችው ከዶካ የሚመጡ እንደ እኔ ያሉ ሕሙማን አገኝ ነበር። የሚወስዱት ኢንሱሊን በሎሪ ጭነት ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ ዶካ ቢደርስም ክሊኒኩ ፍሪጅ የለውም። ተበላሽቶ ይወጉታል፤ እንደገና ይወድቃሉ። እኔ በአንድ ዚር ተረፍኩ፤ እነሱ እንደዚያ መሆናቸው እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር።

ለአያ እድሪስ ባጫውተው "ነፊር እንጥራ" አለ። ነፊር የሱዳኖች ደቦ ነው፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ጉልበቱን ይዞ ይመጣል። ቢስክሌት ያላቸውን ጠራን። ከገዳሪፍ በዶካ በኩል እስከ ድንበሯ ገላባት እየነዳን፣ በየመንደሩ ስለ በሽታው ልንናገር፣ የገበያው ነጋዴዎችም ለዶካ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ ሊገዙ ተስማማን። አንድ እህል ነጋዴ ግን እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና "ስኳር ያለበት ሰው ከአልጋ አይነሣም ይላሉ። ይኼ ሰውዬ ገላባት በፔዳል ከደረሰ ፍሪጁ ከእኔ" አለ። ሌሎቹም ነገሩን ለእሱ ተዉለት። እንግዲህ ፍሪጁ በእኔ እግር ላይ ቀረ።

ክረምት ሳይገባ ወጣን፤ ከዘነበ ያ ጥቁር አፈር ጎማ ይዞ አይለቅም። ሐኪሙ ፔዳል ስኳር ያወርዳል ብሎ መርፌውን ቀንሶልኝ ነበር። አያ እድሪስ ደግሞ የእኔ ዘበኛ ሆነ። መንደር በገባን ቁጥር ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀርባል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። እሱ ብርጭቆው እጄ ሳይደርስ "ሱከር አለበት፣ ስኳር በሽታ አለበት" እያለ ይመልሰዋል። "ሕመምተኛ ነው ትላለህ፣ ታዲያ ምነው ከአንተ ቀድሞ ይነዳል?" ብለው ሽማግሌዎች ሳቁበት።

ከዶካ በፊት ባደርንበት መንደር ጠዋት መርፌዬን ተወጋሁ። አሲዳ፣ ዱራ ከሚሉት ማሽላ የተሠራ ገንፎ፣ ቀረበ። እንግዳ ቀድሞ ይበላል፤ የቤቱ ልጆች ከእንግዳ የተረፈውን ይጠብቃሉ። ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ክንዳቸው እንጨት ነበር። እንዴት ብሎ በጉሮሮዬ ይውረድ? ሁለት ጊዜ ጎረስኩና ጠገብኩ ብዬ ሳህኑን ገፋሁላቸው። መርፌው ቀድሞ ሰውነቴ ውስጥ መግባቱን ረሳሁት።

ዶካ መግቢያ ላይ መሪው ተንቀጠቀጠ። እጄ ነው። መንገዱ ሁለት ሆነ። ወደቅሁ።

እሰማለሁ፤ መናገር ግን አልችልም። መንገዱ ዳር ካለ ዳስ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት፣ ሐጃ የሚሏት፣ ብርጭቆ ይዛ መጣች። "አሽረብ ያ ወለዲ፣ ጠጣ ልጄ" አለች።

አያ እድሪስ ብርጭቆውን ገፋው። "ሱከር አለበት። ይገድለዋል።"

ሻዩ መሬት ላይ ፈሰሰ። ብርጭቆውን በዓይኔ ተከተልኩት። አበቃልኝ አልኩ።

ሊያነሣኝ ጀርባዬን ሲይዝ እጁ ረጠበ። በዚያ ሐሩር የሁሉም ሰው ላብ ገና ሳይወርድ ይደርቃል፤ የእኔ ሸሚዝ ግን ይጨመቅ ነበር። እጁን አየው።

"አልቦታል" አለ። ድምፁ ተሰበረ። "ሐጃ፣ ሌላ ቅጂ። ስኳሩን አብዢው።"

በዚያ ሰሞን ስኳር እንደ ልብ አይገኝም። ሐጃ ጣሳዋን ገልብጣ የቀራትን ሁሉ ጨመረችው። አያ እድሪስ አገጬን ይዞ መዋጤን እያየ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣኝ። ቀስ በቀስ መንገዱ አንድ ሆነ። አያ እድሪስ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶካ ዐረፍን፤ በደንብ በላሁ፤ ከዚያ በዝግታ፣ ዳገት ላይ ከቢስክሌቱ እየወረድኩና እየገፋሁት፣ ገላባት ከጓደኞቼ ኋላ ገባሁ። ነጋዴው ቃሉን አላጠፈም። ፍሪጁ ዝናቡን ቀድሞ በሎሪ፣ ከዱራ ጆንያዎች መሐል ዶካ ደረሰ።

ይህን የምታነቡ ስኳር ያለባችሁ ሁሉ፣ ችግር ቢመጣም መርፌያችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ። ለልጆች የምታካፍሉ ከሆነ መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት አካፍሉ፤ ከተወጋችሁ በኋላ ያለው ጉርሻ መድኃኒታችሁ ነው። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ከስኳር መከልከልን ብቻ ሳይሆን መስጠትንም አስተምሩት። ላባችሁን እንዲዳስስ ንገሩት።

ሐኪሙንና አያ እድሪስን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐጃን ግን ያመሰገንኳት ከገላባት ስንመለስ ነው። የወሰድንባት ስኳር ሥራ አስፈትቷት እንደሆነ ፈርቼ ነበር፤ ከጎረቤት ተበድራ እየሠራች አገኘኋት። ሻይ ያለ ስኳር ቀድታ ሰጠችኝ። ልነሣ ስል በወረቀት የተጠቀለለ ጥቂት ስኳር ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተተችልኝ።

"እንዳትበላው" አለችኝ በዐረብኛ። "ያዘው።"

ይኸው እስካሁን ይዤዋለሁ፤ የምቀይረው ወረቀቱን ነው።