ወደ ኋላ የተመለሰው የቡና መኪና

ከደላንታ የወጣሁ ዋዜማ፣ እናቴ ስንቄን እያሰረች "ቴፒ ወዴት ናት?" አለችኝ። እኔ ራሴ መች አውቄው! "በጅማ በኩል ነው" ብዬ አለፍኳት። ቡና አገር የተማረ ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ነው የተነሳሁት፤ ደርሼም የት እንዳለሁ ሳይገባኝ ብዙ ቆየሁ። እናንተ የደላንታ ሰዎች ለዝናብ ምህላ ትይዛላችሁ፤ እዚህ የታጠበ ነጠላ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም። እንጀራ ሞልቷል፤ ቤት ያከራዩኝ እማማ ወርቅነሽ ግን ቆጮና ጎደሬ ካልቀመስኩ በልታለች አይሉኝም።

መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ።

"መሸኛሽ የታለ?" አለኝ ሰውየው።

"አላመጣሁም።"

"ያልተሸኘ ሰው አልመጣም ማለት ነው።"

"ታዲያ ፊትዎ የቆመችው ማን ናት?"

"እሱን መሸኛው ሲመጣ እናያለን።"

እንዲህ መጣች አልመጣችም ስባል፣ የቡና ጭነት መኪኖች ያሏቸው አቶ ዘለቀ በጊዜያዊነት ቀጠሩኝ። ሥራዬ ሾፌሮቹ ከየከተማው ሲደውሉ የት እንደደረሱ፣ የት እንዳደሩና ለምን እንደዘገዩ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። መጀመሪያ ሰሞን "የዘገየበት ምክንያት" በሚለው ሥር "ዝናብ" ብዬ ጻፍኩ። አቶ ዘለቀ አነበቡትና "ልጄ፣ እዚህ ዝናብ ምክንያት አይሆንም። ያልዘነበ ቀን ጻፊልኝ" አሉኝ። ይቀልዱ ይቆጡ አልገባኝም።

ከሾፌሮቹ አንዱ ታምራት የእማማ ወርቅነሽ ልጅ ነው። እናቱ መንገድ በወጣ ቁጥር "ልጄን ዛሬ የት ጻፍሽው?" ይሉኛል። ለእሳቸው፣ እኔ የጻፍኩት ቦታ ካለ ልጃቸው ደህና ነው።

አንድ ቀን ታምራት ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። ከማሻ ደውሎ "በሰላም ገብቻለሁ" አለኝ፤ ጻፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ሌላ ሾፌር ደወለና የታምራትን መኪና ጌጫ ላይ ሰው ሳይኖርባት ቆማ አየኋት አለኝ፤ እሱንም ጻፍኩ። አቶ ዘለቀ መዝገቡን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ጌጫ እኮ ከማሻ በፊት ነው!"

"እኔ አገሩን አላውቀውም ጋሼ፤ የነገሩኝን ነው የጻፍኩት።"

"ጭነት ይዞ ወደ ኋላ የሚመለስ ሾፌር ሊሸጠው ነው። እስከ ማታ ካልደወለ 'ተሰውሯል' ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ እኔም ለፖሊስ አመለክታለሁ።"

ግራ ገባኝ። ያንን ቃል ብጽፍ ታምራት ሌባ መባሉ ነው፤ አልጽፍም ብል ደግሞ መሸኛ የሌላትን ሴት ሌላ ማን ይቀጥራታል? ለምሳ ቤት ስገባ እማማ ወርቅነሽ ጎደሬ ይልጣሉ።

"ልጄን የት ጻፍሽው?"

"ማሻ። ከዚያ ደግሞ... ጌጫ።"

ቢላዋውን አስቀመጡ። "ተመለሰ? በቃ የጌጫው መኮንን ሞቷል። ታሞ ነበር።"

"ታምራትን ምን አገናኘው?"

"መንዳት ያስተማረውን ሰው ሳይቀብር ያልፋል እንዴ? ምን ዓይነት አገር ነው የመጣሽበት?"

ምሳዬን ትቼ ወደ አቶ ዘለቀ ሮጥኩ። የመኮንንን ስም ስጠራ ከወንበራቸው ተነሱ። "የመጀመሪያ መኪናዬን የነዳልኝ መኮንን?" ጌጫ ደወሉ፤ እውነት ነው፣ ቀብሩም ዛሬ ከሰዓት ነው። ታምራትን ከልባቸው የተቆጡት ያን ጊዜ ነው። "እኔን ሳይነግረኝ!" እያሉ ፒክአፓቸውን አስነሱና በመስኮት ጮኹብኝ፤ "ቀብር ብለሽ ጻፊ! ቀብር ምክንያት ነው!"

ጻፍኩ። ታምራት ሌባ ባለመሆኑ ከመደሰቴ የተነሳ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደስታው ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ደላንታ የቀሩት ቤተሰቦቼ ትዝ አሉኝ። ቴሌ ሄጄ ለወንድሜ ደወልኩ።

"ሁሉ ደህና ነው?"

"ደህና ነን።"

"ሰው ቢሞት ትነግሩኛላችሁ?"

ደግሜ ጠየቅኩት።

"መንገዱ ሩቅ ነው እኮ እህቴ" አለኝ።

"ማን ነው የሞተው?"

"ኧረ ማንም። አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ።"

ማንም ያለው እውነቱን ይሁን ሊያረጋጋኝ፣ እስካሁን አላወቅሁም። ይህን የምታነቡ የደላንታ ሰዎች፣ የምታውቁት ካለ አትደብቁኝ። ለቀብሩ ባልደርስም ለቅሶዬን ልቀመጥ።