አምሐ ያላያቸው ዔሊዎች

የእህቴ የሸጊቱ ባል አምሐ ጣናን «ኩሬ» ነው የሚለው። ቱሪስት ጭኖ ወደ ዘጌ ሲሄድ ማዕበል ተነሥቶ ሰው ሁሉ ማርያምን ሲጠራ፣ እሱ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ቆሎ ይቆረጥማል። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች በሐይቃችን ቀልድ አናውቅምና ብዙ ሰው በዚህ ይቀየመዋል። እኔ አልፈርድበትም። በጉርምስናው ባሕር ኃይል ገብቶ ምጽዋ ያገለገለ ሰው ነው። አገሪቱ ባሕሯን ስታጣ እሱም ባሕሩ ቀረበት። ወደ ትውልድ ቀዬው ተመልሶ የሰው ጀልባ ሲነዳ ፀጉሩ ሸበተ፤ ከዚያ ዘመን የቀረው ገመድ ሲያይ እጁ አርፎ አለመቀመጡ ብቻ ነው። እሱ ያሰረውን የእህቴን የልብስ ማስጫ ገመድ ከእሱ በቀር የሚፈታው የለም።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ ፒተር የሚባል ሆላንዳዊ ሽማግሌ ወፍ ሊያይ ይመጣል። ከሰሜን ብርድ ሸሽተው ጣና ዳር የሚያርፉትን ባለ ረጅም እግር ወፎች አምሐ በጀልባ እያዞረ ያሳየዋል። የአምሐ እንግሊዝኛ የባሕር ኃይል እንግሊዝኛ ነው፤ ስለ ነፋስና ስለ ሸራ ሲሆን ይፈስሳል፣ ሌላ ወሬ ሲመጣ ይደርቃል። ታዲያ ፒተር ሞምባሳ ላይ የቆመች የሸራ ጀልባ አለችው። በሕንድ ውቅያኖስ ሰው የማይኖርባቸው ሩቅ ደሴቶች ድረስ ሊሄድባት አስቧል። ወፎቹ ሰው ስለማያውቁ ከእጅህ ሥር አይነሡም፤ ጥጃ የሚያህሉት ዔሊዎች ደግሞ አንገታቸውን ሲያኩላቸው ደስ ብሏቸው ቀና ይላሉ አለው። «አብረኸኝ ና፣ መሪ የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ» ሲለው አምሐ ያን ምሽት እራት አልበላም። በማግሥቱ ፓስፖርት ሊያወጣ ሄደ።

ችግሩ መንገዱ ዐቢይ ጾም ላይ መውደቁ ነበር። ጀልባዋ ላይ የሚበላው የቆርቆሮ ሥጋና የዱቄት ወተት ነው። አምሐ ደግሞ በወታደርነቱ እንኳ ጾም ገድፎ አያውቅም። ስለዚህ የንስሐ አባቱን አባ ወልደ ጻድቅን ሊጠይቅ ዘጌ ሄደ። ጥዑመ ልሳንን ይዞት ነው የሄደው። ጥዑመ ልሳን አስጎብኚ ነው፤ የጽዋ ማኅበርተኛውም ነው። በየወሩ በሃያ አንድ ለማርያም ተሰብስበው ከአንድ ጽዋ ይጠጣሉ። በእኛ ዘንድ የጽዋ ወንድም ከሥጋ ወንድም አያንስም። አባ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሰሙትና፣ «መንገደኛ ነህ፣ ያውም ባሕር ላይ። ያገኘኸውን ብላ፤ ስትመለስ ትክሳለህ። እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። ከአጠገቡ ሆኖ «አሜን» ያለው ጥዑመ ልሳን ነው።

ፒተር ጀልባዋን ሊያዘጋጅ ወደ ሞምባሳ ሄደ። አምሐ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ መልእክቱ የሚመጣው በጥዑመ ልሳን ስልክ ነበር። አንድ ቀን ጥዑመ ልሳን ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

«ዕድሜህን ፈራ» አለው። «ለረጅም ጉዞ አይሆንም አለ። በምትኩ እኔን ና ብሎኛል። አንተ ካዘንህ እቀራለሁ።»

አምሐ ወደ ሐይቁ ዞረ። ከዚያ «ሂድ» አለው። «ከሁለታችን አንዳችን እንየው።»

ወደ ፒተር ደውሎ ለምን አልጠየቀም ትሉ ይሆናል። አርጅተሃል የተባለ ሰው ደውሎ አይለምንም፤ አምሐማ ጭራሽ። ይልቁንስ ሰንብቶ ወደቡ ላይ ቋጠሮ ሲያስተምረው አየሁ። የጥዑመ ልሳንን ጣቶች አንድ በአንድ እየያዘ ገመዱን ያዞርለት ነበር። እህቴ ለባሏ የደቆሰችውን በሶም ጥዑመ ልሳን ይዞት ሄደ። ያ በሶ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰኔ ላይ ፊቱ ከስሎ ተመለሰ። በሄደበት ሁሉ፣ ማኅበሩም ላይ አባ ፊት፣ ወሬው ስለ ባሕሩና ስለ ዔሊዎቹ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚጠይቀው አምሐ ነበር፤ ነፋሱ ከየት እንደመጣ፣ ሸራው ስንቴ እንደተቀደደ፣ የዔሊው አንገት ሲነኩት ምን እንደሚመስል። ጥዑመ ልሳን «እንደ አሮጌ ጫማ» ሲለው አምሐ ራሱ ያከከው ይመስል ፈገግ አለ።

ኅዳር ሲብት ፒተር መጣ። ጀልባው ላይ እንደ ወጣ የአምሐን እጅ በሁለት እጁ ያዘና እንዲገባው ቀስ ብሎ ተናገረ፤ «ጾሜን ከምፈታ ውቅያኖሱ ይቅርብኝ ማለትህን ጓደኛህ ጻፈልኝ። እንዳንተ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ለልጆቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ።» አምሐ ሞተሩን አጠፋ። «ዕድሜዬስ?» ብሎ ጠየቀው። ሽማግሌው ሳቀ። «የምን ዕድሜ? እኔ ሰባ ሞልቶኛል እኮ።»

ቤት ገብቶ ይህንኑ ነገረን። እህቴ አለቀሰች። እኔ ተናድጄ «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አልሁ።

«ፈረሱስ አስቦ አይደለም» አለኝ አምሐ። ጥዑመ ልሳን ጋ ሄዶ አልተጣላም፤ ማኅበሩን ጠበቀ።

የኅዳር ማርያም ተረኛው ጥዑመ ልሳን ነበር፤ የሚቀጥለው ተረኛ ደግሞ አምሐ። በወጉ ያበቃው ሰው ጽዋውን በእጁ አንሥቶ ለሚቀጥለው ያስረክባል። እኔም ለመስተንግዶ ከእህቴ ጋር ሄጄ ነበር። ከዘጌ የመጡት አባ ጸሎት አድርሰው ሁሉም ቆመ። ጥዑመ ልሳን ጽዋውን ይዞ ወደ አምሐ መጣ። አምሐ እጁን አልዘረጋም።

«አባ» አለ፣ «አምና ዘጌ ስመጣ ስለ ጾሙ ምን አሉኝ?»

«ብላ፣ ይፍታህ አልሁህ» አሉ አባ ወልደ ጻድቅ።

«አሜን ያለውስ?»

አባ ጽዋ የያዘውን ሰው አዩት።

«ማን ይናገር የነበረ» አለ አምሐ። «አንተ ንገራቸው።»

ጥዑመ ልሳን አልካደም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ለፒተር የጻፈውንም ለአምሐ የዋሸውንም ተናገረ። ጽዋውን አስቀምጦ ወደ ግቢው ወጣ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ገባና ከአምሐ እግር ሥር ተንበረከከ። «ባሕር ማየት ጓጉቼ ነው፣ ወንድሜ። አጥፍቻለሁ» አለ። ያኔ ቤቱ ሁሉ ተነሣ። ይቅር በለው፣ ስለ ማርያም፣ ድንጋይ ተሸክሟል እኮ ይሉታል። አባም «ልጄ፣ ቂም ተይዞ ጽዋ አይጠጣም። ይቅር ብየሃለሁ በለው» አሉት።

ሌላ ሰው ቢሆን በአፉ ብሎ ይገላገል ነበር። ስንቱ እንዲያ ብሎ በሆዱ ይዞ ይኖራል።

«አባ፣ በእመቤቴ ጽዋ ፊት አልዋሽም» አለ አምሐ። «ይቅር አላልሁትም።» ጋቢውን አነሣና ወጣ።

ጽዋውን ከእሱ ቀጥሎ ያለው ተረኛ አንዳርጋቸው ተቀበለ። ጥዑመ ልሳን ከድንጋዩ ሥር ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ፣ ከጽዋው ጠጣ፣ ሰው ሁሉ ትከሻውን ስሞ ሸኘው። የዋሸው ዛሬም ማኅበርተኛ ነው። አልዋሽም ያለው በየወሩ በሃያ አንድ ብቻውን ጀልባ ያጥባል። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ እህቴ ግን ተይው ትለኛለች።

ባለፈው ፋሲካ አባ ወደ ዘጌ ሲመለሱ በአምሐ ጀልባ ሄዱ፤ እኔም ቡና ልገዛ አብሬ ነበርሁ። መሀል ሐይቅ ላይ ስንደርስ አባ፣ «ልብህ እስካሁን አልራራም፣ አምሐ?» አሉት።

አምሐ ከመሪው ዓይኑን አላነሣም። «እነዚያ ዔሊዎች ስንት ዓመት ይኖራሉ ነበር ያለን፣ አባ?»

«ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራሉ ነው ያለው።»

«እንግዲያ እሱ አንገቱን ያከከለት ዔሊ ሲሞት ይጠይቁኝ።»

አባ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ፤ ጥቂት ይዘውት ቆዩና መልሰው ከተቱት።