ጎረቤታችን ነው

ዝናብ ካባራ በኋላ የረጠበ አፈር ሲሸተኝ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ላንቺ ልንገርሽ።

አሜሪካ፣ ጋርላንድ የምትባል ከተማ ስንኖር፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የግብርና ክላስ ነበረኝ። ግሪንሃውስ በሚሉት የመስታወት ቤት ውስጥ ቲማቲም እንተክላለን፣ አፈሩ ላይ ሴንሰር እንሰካለን፤ እርጥበቱና ሙቀቱ ኮምፒውተሩ ላይ በመስመር ይሳላል። የኔ ችግኞች ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። ማዳበሪያ ብጨምር ባሰባቸው። ሴንሰሩ ግን ሁሉም ደህና ነው ይል ነበር።

ወላጆች ክፍላችንን የሚጎበኙበት ቀን ደረሰ። አባቴ ከዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘን ሥራው በቀጥታ መጣ። የሚያብረቀርቀውን ብርቱካንማ ሰደርያ እንኳ አላወለቀም። የጓደኛዬ አባት፣ ጎረቤት ከተማ ፕሌኖ ኦፊስ የሚሠራው፣ በክራቫት ቆሟል። አገር ቤት አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ገበሬ ሲያስተምር ነው የኖረው። ያን ቀን ግን ይህ ትዝ አላለኝም። የታየኝ ሰደርያው ብቻ ነበር።

አባቴ አንዱን ችግኝ ከነመትከያው አንስቶ በእጁ መዘነው። ከታች ባለው ቀዳዳ ጣቱን ከትቶ ጭቃ አወጣና አሸተተው።

«ታች ውሃ ተኝቷል። ሥሩ ታፍኗል» አለኝ።

ከዚያ ወደ መምህሬ ዞሮ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ማሽኑ የሚያየው ላይ ላዩን መሆኑን ነገራት። ልጆቹ ጭቃ የነካ ጣቱን እያዩ ተሳሳቁ። መምህሬ ግን ጠጋ ብላ ሰማችው። ኋላ ወደ እኔ ዞራ፣ «አባትሽ ናቸው?» አለችኝ።

«ኖ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ጎረቤታችን ነው። ራይድ ሊሰጠኝ፣ ቤት ሊያደርሰኝ ነው የመጣው።»

በፍጥነት ስለተናገርኩ አባቴ እንግሊዝኛዬን የሚረዳው አልመሰለኝም ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ለመምህሬ ፈገግ አለላትና፣ «የስ፣ ጎረቤት» አላት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «አባዬ፣ ማለቴ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ኦኬ ነው፣ የኔ ልጅ። ውሃውን ቀንሽለት» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

ውሃውን ቀነስኩ፤ ችግኞቹ አገገሙ። መምህሬም ሁላችንም ሴንሰሩን ወደ ታች ጠለቅ አድርገን እንድንሰካ አዘዘች። አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርታ፣ «ጎረቤታችሁ መጥተው ክፍሉን ያስተምሩልን ይሆን?» ስትለኝ፣ «ከሰፈራችን ሙቭ አድርጓል» አልኳት። አሜሪካ ከገባን ወዲህ አባቴን የሚያውቀውን ነገር የጠየቀው ሰው አልነበረም። የጠየቀችውንም አንዷን እኔ መለስኳት። መጠየቋን እንኳ አልነገርኩትም።

ክፍላችንን ከጎበኘበት ሳምንት ጀምሮ አባቴ እኔን ሊወስድ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አልቆመም። ሁለት መንገድ አልፎ፣ አንድ ዛፍ ሥር ፓርክ አድርጎ ይጠብቀኝ ነበር። ለምን እንደሆነ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት። እስክመረቅ ድረስ በየቀኑ እዚያ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ አንድም ቀን ግን «አባዬ፣ በሩ ድረስ ና» አላልኩትም።